ከአፍ የወጣ ፍሬ

ርዕስ አጣሁ።
የካቲት ተጋምሶ፣ ሩምያ አስፈርማ፣
ዴኪያ ስለ ጉንዳን ሃያ ገጽ ለቅማ፣
እኔ ብቻ ቀረሁ ከነባዶ ወረቀት፣
ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣ በሙቀት ላይ ሙቀት።

መጀመሪያ «ጅብ» አልኩ።
ዶክተር ኢብሳ ሳቁ፦ «ሐረር ሂጂ ጠይቂው፤
በየዓመቱ ተማሪ መጠይቅ አስሞልቶታል፣
ጅቡም ሰልችቶታል።»

ቀጥዬ «ወፎች» አልኩ፦ የምሥራቅ ወፍ ሁሉ፣
ከኤረር እስከ ሽንሌ፣ ዝርያው በሙሉ።
«በማን መኪና?» አሉኝ፣ «በስንት ዓመት ቆጥረሽ?
ሦስት ወር ነው ያለሽ፣
አንድ የተዋስሽው መነጽር፣ ገመድና ሜትር።
ጥያቄ መርፌ ነው፤ ካልጠበበ አይሰፋም፤
ዓለምን የጠየቀ አንድ መልስ አያተርፍም።»

ወጣሁ። ተናድጄ።
በባጃጅ ወረድኩኝ እስከ ቀፊራ ድረስ፣
ደቻቱን በእግሬ አቋርጬ ወደ ሰፈር ልመለስ።

ደቻቱ ወንዝ አይደለም፤ አብዛኛውን ወራት
የእግረኛ አቋራጭ ነው፣ የፍየሎች ራት፤
ልጆች ኳስ ያባርሩበታል፣ ሴቶች ምንጣፍ ያሰጣሉ፣
ውኃ ሲመጣ ብቻ ስሙን ያስታውሳሉ።

እዚያ ነበር ጅብሪል፣ አሸዋ ዛቂው።
አካፋው ሲወርድ ቆይቶ፣ ድንገት ዘወር አለ፤
ለሽማግሌ መንገድ እንደለቀቀ ሰው፣ አንዲት ቡቃያ ዘለለ።
ሮቃ ናት። ስንዝር የማትሞላ፣ ቅጠሏ ላባ የመሰለ።

«ማን ተከላት?» ብለው፣
በአካፋው እጀታ ገበያውን አሳየኝ፦
«እዚህ ማን ይተክላል? አፍ ነው የተከላት።
ከቀፊራ ገዝቶ፣ እየመጠጠ ሲሻገር፣
ፍሬውን እንትፍ ይላል ሰው፣ ወሬውን ሲጀምር።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል ያሳደገኝ ቋንቋ፤
አፋፉ ላይ ቆሜ አየሁት፦ ከአፍ የወጣ ሮቃ።

ሌሊቱን ጻፍኩ።
«በደቻቱ አሸዋ፣ በሮቃ ዘር ስርጭት፣ የሰው አፍ ድርሻ»፤
አርባ ካሬ፣ ሜትር በሜትር፣ ከገበያው መነሻ፣
በየሃምሳ እርምጃ ገመድ፣ አራት አራት ችካል፤
መላ ምት፦ ከገበያው በራቅን ቁጥር ቡቃያው ይቀንሳል።

ዶክተር ኢብሳ አነበቡ። ሁለቴ። ሳይስቁ።
በቀይ እስክሪብቶ፣ ከዳር እየጠየቁ፦
«ፍየልስ ዘር አይበትንም? ጦጣስ? ውኃው ራሱ?
የሰው መሆኑን በምን ለየሽ? ይህን ሳትመልሺ
ገመዱን እንዳታነሺ።»
ከታች፣ በትንሹ፦ «ጎርፍስ ከመጣ?»

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፣ ቃል አጣ።
በዘጠና ስምንት ነሐሴ፣ እናቴ ከዚህ ዳር
ድንች የምትሸጥበት መደብ ነበር።
ሌሊት መጣ። መደቡም፣ የመደቡ ጎረቤትም፣
«የጥናቱ ውስንነት» በሚል ርዕስ ሥር አይጻፍም።
እንዲህ ብቻ ሞላሁ፦ «ክረምት ሳይገባ ይቆጠራል፤
ከጎርፍ በኋላም፣ ቦታው ካለ፣ ይደገማል።»

ሚያዝያ። ንጋት። ጅብሪል ችካል እየያዘልኝ፣
«ቆጥረሽ ስትጨርሺ ምን ይሆናል?» አለኝ።
«ሪፖርት።»
«ለእሷስ?» አለ፣ ቡቃያዋን በአገጩ እያሳየ።
መልስ አልነበረኝም። ገመዱን ወጠርኩ።

የመጀመሪያዋ ካሬ፦ ጠጠር፣ የለስላሳ ክዳን፣ የፍየል በጠጥ።
ቡቃያ፦ ዜሮ።
«ምንም የለም» ብሎ ሳቀ፤
«‹የለም›ም ይቆጠራል» አልኩት፣ ዜሮዬን አድምቄ።

ሃምሳ እርምጃ ሄድን።
ጅብሪል ከኪሱ ሮቃ አወጣ፣ ልጦ መጠጠ፤
ሊተፋ አፉን አሹሎ፣ ድንገት ወደ እኔ ዞረ፣
ከዚያ ወደ ገመዱ፣
«ጥናትሽን እንዳላበላሽ» አለና
ፍሬዋን በመዳፉ ተቀብሎ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።